የአርባ አንደኛው ገጽ መጨረሻ

ሴትየዋ ድልድዩ ላይ ከቆመች ሦስተኛ ሳምንቷን ይዛለች። ሁለት እጆቿን በአንድ ግዙፍ ዘብ ወገብ ላይ ጠምጥማ፣ ጉንጯን ደረቱ ላይ አስደግፋ፣ ከሥሯ ጉም እየፈሰሰ፣ እኛ ተከራክረን እስክንጨርስ ትጠብቃለች። በሥራ ቀን መርፌዬን በወረቀት ውስጥ ሳሳልፍ እንኳ ትታየኛለች። እጇ አይዝልም ወይ እላለሁ። አይበርዳትም ወይ። ከዚያ «አንቺ ሴት፣ የጨዋታ ሰው እኮ ናት፣ ሥራሽን ሥሪ» ብዬ ራሴን እቆጣለሁ። መቆጣት ለኔ አይከብደኝም።

መጽሐፍ ጠራዥ ነኝ። አንድ ክፍል ሱቅ አለችኝ፤ ወደ ምዕራብ የሚያይ ሰፊ መስኮት፣ መሀል ላይ የቆመ ከባድ የወረቀት መቁረጫ ማሽን፣ በግድግዳው ልክ የተዘረጋ ረጅም ጠረጴዛ፣ ከሥሩ ደግሞ ቁርጥራጭ ወረቀት የሞላባቸው ጆንያዎች። ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ሥራ አቆማለሁ፤ ስምንት ሰዓት ላይ ሦስቱ ይመጣሉ። በዚያ ሰዓት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ የወረቀቱን ብናኝ ታበራዋለች፤ ክፍሉ ጉም የገባበት ይመስላል። የምንጫወትበት አገር ሁልጊዜ ጉም የማይለየው ከዚሁ የተነሳ ሳይሆን አይቀርም።

ጨዋታው ለማያውቀው ሰው እንዲህ ነው። እያንዳንዳችን አንድ ሰው ከሐሳባችን ፈጥረን ወረቀት ላይ እናሰፍራለን፤ ምን እንደሚችል፣ ምን እንደሚፈልግ። አንዱ ዳኛ ይሆንና «ጫካ ደረሳችሁ፤ መንገዱ ለሁለት ተከፍሏል» ይላል፤ እኛ ሰዎቻችን ምን እንደሚያደርጉ እንናገራለን። የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ወንድሜ ከእንጨት የጠረባትን ከአንድ እስከ ሃያ የተጻፈባትን ባለ ሃያ ገጽ ጠጠር እንጥላለን፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ያሰብነው ይሳካል፣ የሕጉም መጽሐፍ ይገለጣል። ሌላ ምንም የለም። «የልጅ ጨዋታ» ያለኝ ደንበኛ ነበረኝ፤ መጽሐፉን ጠርዤ የሰጠሁት ከሁሉም በኋላ ነው።

ከሦስቱ አንዱ ታላቅ ወንድሜ ነው፣ አናጢው። ሁለተኛዋ ነርስ ናት፤ ሁላችንም ሲስተር ስለምንላት እሷም ስሟን ሳትረሳው አልቀረችም። ሦስተኛው ዳኛው ናቸው። ዳኛው በእውኑ ዓለም ዳኛ ሆነው አያውቁም። በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ፋይል ሲያወጡና ሲመልሱ ኖረው፣ አንድም ቀን ሳይፈርዱ ጡረታ ወጡ፤ ያ ሁሉ የተጠራቀመ ፍርድ ታዲያ ቅዳሜ ከሰዓት በእኛ ላይ ይወርዳል።

የድልድዩን ሴት የፈጠረቻት የወንድሜ ሚስት ናት። ጨዋታውንም ያመጣችልን እሷ ነበረች። በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆና ስትሠራ፣ ከሌላ አገር ከመጣ መሐንዲስ የሕጉን መጽሐፍ ተውሳ፣ በምሳ ሰዓቷ እየተረጎመች መቶ አሥራ ሁለት ገጽ በታይፕ መታችው። መሐንዲሱም መጽሐፉም ወደመጡበት ተመለሱ፤ የቀረን የእሷ ነው። ለራሷ የፈጠረቻት ሴት ሰይፍ የላትም፣ ጦር የላትም፣ የምትዋጋው በእጇ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ባዶ እጇ አልናት። «ምን ትፈልጋለች?» በሚለው ቦታ ላይ «ቤቷ መግባት» ብላ ጻፈች። ሲስተር የጻፈችው ዙፋን ነበር፣ እኔ በቀል፤ አፈርን። በመጽሐፉ ሕግ የፈለገውን ያገኘ ሰው ታሪኩ ያልቃል። ወረቀቱ ይታጠፍና ከጨዋታው ይወጣል።

የወንድሜ ሚስት ካረፈች አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቅዳሜ ወንድሜ የራሱን ሰው ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተና የእሷን ከፊቱ ዘረጋ። «ባዶ እጇ መንገድ ላይ ቀርታለች» አለ። «ማን ይዟት ይሂድ?» ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚጫወትላት እሱ ነው፤ ቀስ እያለ፣ እንዳትሰበርበት የሚፈራ ይመስል።

ድልድዩ ጋ የደረስነው ባለፈው ወር መጨረሻ ነው። ከማዶ የባዶ እጇ ቤት አለ፤ የመስኮቱ መብራት ይታያል። መሀል ላይ ደግሞ ማንንም የማያሳልፍ ዘብ ቆሟል። ሲስተርና እኔ ወደኋላ ስንል ባዶ እጇ በክንዱ ሥር ገብታ ወገቡን አቀፈችው። ጠጠሯ አሥራ ዘጠኝ አወጣች። ዘቡ ተንሸራተተ፣ እግሮቹም ከድልድዩ ጠርዝ ወጡ። ዳኛው ገጽ አርባ አንድን ገለጡ፣ «ያለ መሣሪያ ስለ መዋጋት» የሚለውን፣ ከግርጌውም እንዲህ ሲሉ አነበቡ፦ «ጠላቱን በእጁ የያዘ ሰው ከያዘው ጋር እንደ አንድ አካል ይቆጠራል፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላውም ይወድቃል።»

«ታዲያ ትልቀቀው» አለች ሲስተር።

«ተጽፏል?» አሉ ዳኛው።

«ምኑ?»

«የያዘ ሰው መልቀቅ ይችላል የሚል። መጽሐፉ አንድ አካል ናቸው ነው የሚለው። ለመያዝ ጠጠር ጥለናል፤ ለመልቀቅ በየትኛው ሕግ እንጥላለን?»

«አባባ፣ ሰው እጁን ለመክፈት መጽሐፍ ይጠይቃል?»

«እዚህ ጠረጴዛ ላይ ይጠይቃል።»

ወንድሜ ከሲስተር ጎን እንደሚቆም ጥርጥር አልነበረኝም፤ የምትወድቀው የእሱ ሰው ናት። እሱ ግን ጠጠሯን በጣቶቹ መሀል እያሽከረከረ «ዳኛው ልክ ናቸው፤ አልተጻፈም» አለ። እኔ ተነስቼ ኮላዬን ማማሰል ጀመርኩ፤ ኮላው መማሰል አላስፈለገውም ነበር።

አሁን ጉዴን ልናገር። የወንድሜ ሚስት ያን ገጽ ስትመታ ሕጉ እዚያው እንዲያልቅላት ብላ የመጨረሻዋን መስመር ከወረቀቱ ጫፍ ጋ አስጠግታታለች። እኔ ደግሞ ገጾቹን ሰፍቼ፣ ማሽኑ ውስጥ አስገብቼ፣ ግርጌውን እኩል ለማድረግ ከረከምኩ። ለማጅ እንኳ ሳያገላብጥ አይቆርጥም። አሥራ ስድስት ዓመት ስጠርዝ የኖርኩት እኔ ቆረጥኩ። የተቆረጠውን ስሰበስብ ከነጫጮቹ ሽንሽን ወረቀቶች መሀል አንዷ ላይ ፊደል አየሁ። ወዲያው ገለበጥኳት። ያላነበብኩት እንደሆነ ያልቆረጥኩት መስሎኝ ነበር።

መጣሉ አልሆነልኝም። የመጽሐፍ ጀርባ የሚጠነክረው ከጨርቁ ሥር በወረቀት ቁራጭ እየተለበጠ ነው፤ ያቺን ሽንሽን ኮላ ቀብቼ እዚያው ጀርባው ላይ ለጠፍኳት፣ ጨርቁንም አለበስኩባት። ቢያንስ ከመጽሐፉ አልወጣችም ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። የወንድሜ ሚስት ልትወስደው ስትመጣ በሁለት እጇ ተቀበለችኝና ከፈት ዘጋ አደረገችው፤ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«ምንም አልተቆረጠብኝም አይደል?» አለች።

«ምንም» አልኳት።

ለአፍታ አየችኝ። «እጅሽ ይባረክ» አለችና ሄደች። ከዚያ በኋላ ሰባት ወር ኖረች። በሰባት ወር ውስጥ ሠላሳ ቅዳሜ አለ፤ በሠላሳውም አልነገርኳትም።

ያቺ መስመር ምን እንደምትል አላውቅም። ባዶ እጇን ልታድናት ትችላለች፣ ልትጥላትም ትችላለች። የማውቀው፣ ወንድሜ ሚስቱን ለሁለተኛ ጊዜ ሊያጣት ጫፍ ላይ ቆሞ ሳለ፣ መልሱ እኔ በቀባሁት ኮላ ሥር እንዳለ ነው። መናገር ማለት ደግሞ ለባሏ «ሚስትህን ዋሽቻታለሁ፣ እንደዋሸኋትም ሞታለች» ማለት ነው። ፈራሁ። በሰው ላይ የምጮኸውን ያህል ደፋር አይደለሁም።

በሁለተኛው ቅዳሜ ዳኛው ውሳኔ ጽፈው መጡ። መነጽራቸውን አድርገው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ቆመው አነበቡልን። ሳምንቱን ሙሉ ሲያገላብጡ ሰንብተው ገጽ ሃምሳ ሰባት ላይ «ከከፍታ የሚወድቀው የእግሩን መቆሚያ ያጣ ብቻ ነው» የሚል አግኝተዋል። መቆሚያውን ያጣው ዘቡ ነው፤ የባዶ እጇ እግሮች ግን ድልድዩ ላይ ናቸው። ስለዚህ ዘቡ ይወድቃል፣ እሷ ትተርፋለች፣ መንገዱም ክፍት ነው። በሕይወታቸው የመጀመሪያውን ፍርድ ለሰው ፈርደው ሲቀመጡ ጆሯቸው ቀልቶ ነበር። ሲስተር አጨበጨበች።

«ይግባኝ አለኝ» አለ ወንድሜ።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ለአንተ እኮ ነው የፈረድኩት።»

«ገጽ አርባ አንድ አንድ አካል ናቸው ይላል። አንድ አካል ከሆኑ የእሱ እግር የእሷም እግር ነው። መቆሚያ አጥታለች።»

«ወንድም ጋሼ» አልኩት፣ ትዕግሥቴ አልቆ፣ «ራስህ ከሳሽ፣ ራስህ ተከሳሽ ሆነህ ልትዘልቀው ነው? ሴትየዋን ማዳን ትፈልጋለህ ወይስ አትፈልግም?»

እሱ መስኮቱን ያይ ነበር። ዳኛው ውሳኔያቸውን በአራት አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ የተቀየሙ መሰለኝ።

ሲስተር ክርክር ሲረዝምባት እጇን ይበላታል። «በሙከራ እንየው» አለችና ጆንያዎቹን ወለሉ ላይ ዘረገፈቻቸው። አንድ ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ ሽንሽን ወረቀት ጉልበት ድረስ ተከመረ። ከክምሩ በላይ ጣውላ በሁለት በርጩማ ላይ አጋደምን፤ ወንድሜ ዘቡን ሆኖ ወጣ፣ እሷ ባዶ እጇን ሆና ወጣችና ወገቡን አቀፈችው። ዳኛው ገጽ አርባ አንድን ገልጠው እንደ ምስክር ቆሙ። «ልክ ሲያጋድል እለቀዋለሁ» አለች ሲስተር። ወንድሜ አጋደለ።

የወደቁ አልመሰለኝም። ብናኙ ተነስቶ ፀሐይዋን ሞላት፣ የመንገዱ ጫጫታ ራቀ፣ ጠረጴዛውም ማሽኑም ከዓይኔ ጠፉ። ሁለት ሰዎች ተቃቅፈው መሬት በሌለበት ነጭ ነገር ውስጥ ሲወርዱ አየሁ፤ ቀስ ብለው፣ ሳይቸኩሉ። ከማዶ በኩል መብራት ነበር። አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆማ ወደ እኛ ታይ ነበር ብል ማንም አያምነኝም፤ እኔም ለማንም አልተናገርኩም።

ከክምሩ ውስጥ የሲስተር ድምፅ መጣ። «አልለቀቅኩትም» አለች፣ ገርሟት። «ልለቀው አስቤ ነበር እኮ። የሚወድቅ ሰው እጁ አይታዘዝለትም፣ ይበልጥ ይጨብጣል። በሽተኛ ሲዝለፈለፍብኝም እንደዚሁ አብሬው ነው የምወርደው።»

«ይህ ማስረጃ ይያዝልኝ» አሉ ዳኛው።

ሲስተር ተነስታ ልብሷን አራገፈች። ወንድሜ አልተነሳም። በወረቀቱ ውስጥ በጀርባው ተንጋሎ፣ ጺሙ ላይ ነጭ ሽንሽን ተንጠልጥሎበት፣ ጣሪያውን ያይ ነበር። እጄን ብዘረጋለት «ተይኝ፤ እዚህ ጥሩ ነው» አለኝ።

በዚያ ሳምንት ሐሙስ ዕለት ጨርቅ ስለካ ባዶ እጇ እንደገና መጣችብኝ። ጉሙ፣ ዘቡ፣ የተጠመጠሙት ክንዶች፣ ሁሉም እንደነበረ ነው። ይህን ጊዜ ግን ጉንጯን ከዘቡ ደረት አንስታ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ የወንድሜ ሚስት ፊት ነው። «ምንም አልተቆረጠብኝም አይደል?» አለችኝ፣ ያኔ በጠየቀችኝ ድምፅ፣ ያለ ቁጣ። መቀሱን አስቀመጥኩ። ደንበኛ ገብቶ ሁለት ጊዜ እስኪጠራኝ ድረስ ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በሦስተኛው ቅዳሜ ዳኛው ወንበራቸውን ሳይስቡ መጽሐፉን ከእጃቸው ተቀበልኩ። ጠረጴዛው ላይ እርጥብ ስፖንጅና ወረቀት የማጥፍባትን ስስ አጥንት አዘጋጅቼ ነበር።

«የምላችሁ አለኝ» አልኩ። «ገጽ አርባ አንድ እዚያ ላይ አያልቅም። አንድ መስመር አለው። እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ስትጠይቀኝም ምንም አልተቆረጠም አልኳት። መስመሩ እዚህ ጀርባው ውስጥ ተለጥፏል፤ አላነበብኩትም።»

ወንድሜን ማየት ስላልቻልኩ እጄን ማየት መረጥኩ። ጨርቁን በቢላ ጫፍ ከፈትኩ፣ ስፖንጁን ጀርባው ላይ አሳረፍኩ፣ ኮላው እስኪለሰልስ ጠበቅኩ። ውሃው ቀስ ብሎ ሲገባ ፊደሎቹ አንድ በአንድ ከነጩ ውስጥ ብቅ ማለት ጀመሩ፤ ሰው ከጉም ሲወጣ እንደዚያ ነው። አጥንቷን ከሥሩ አስገብቼ የመጀመሪያውን ቃል ላነብ ጎንበስ ስል ከኋላዬ የወንድሜ ድምፅ መጣ።

«‘የያዘው ሰው ግን በፈለገ ጊዜ መልቀቅ ይችላል።’ እንዲህ ነው የሚለው።»

እጄ ባለበት ቆመ። መስመሩን አየሁት። እንደዚያው ነው የሚለው፣ አንድ ፊደል ሳይጎድል።

«ታውቅ ነበር?»

«ያን ዕለት ቤት ስትገባ ነገረችኝ» አለ። «‘እህትህ አንዲት መስመር በልታብኛለች’ ብላ እየሳቀች። ‘እንዳትነግራት፤ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አይወስዳትም። አንድ ቀን ራሷ ትነግረኛለች’ አለች።»

«እኔ እኮ አልነገርኳትም።»

«አልነገርሻትም» አለ። ሊያባብለኝ አልሞከረም፣ እኔም እንዲያባብለኝ አልፈለግሁም። አለቀስኩ። ሲስተር ስፖንጁን ከእጄ ወስዳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው።

ዳኛው ወደ ሽንሽኗ ጎንበስ ብለው በመነጽራቸው መረመሯት። «ተጽፏል» አሉ፣ ለራሳቸው። ከዚያ ቀና ብለው ወደ ወንድሜ ዞሩ። «አንተ ሰውዬ፣ የምታውቅ ከሆነ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምን አከራከረን? ፈርጄልህ እንኳ ይግባኝ ያልክ?»

ወንድሜ ጠጠሯን በመዳፉ ጨብጦ ነበር። «ክርክሩ ካለቀ ቤቷ ትገባለች» አለ። «ቤቷ ከገባች ታሪኳ አለቀ። ተከራክረን እስካልጨረስን ድረስ ድልድዩ ላይ አለች። ለእኔ ያ ይበቃኝ ነበር።»

«እሷስ?» አለች ሲስተር፣ በቀስታ። «ለእሷ ይበቃታል? ቤቷ መግባት ነው እኮ የጻፈችው።»

ፀሐይዋ ጠረጴዛው ላይ ደርሳ ነበር፤ ብናኙ በእኛና በመስኮቱ መሀል ይንሳፈፋል። ዳኛው ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። ወንበራቸውን አስተካከሉ፣ በሁልጊዜው ድምፃቸውም፣ ግን ዝግ ብለው፣ «ባዶ እጇ ድልድዩ ላይ ናት» አሉ። «ዘቡን ይዛዋለች። መጽሐፉ ምርጫውን ለእሷ ሰጥቷታል። ምን ታደርጋለች?»

ወንድሜ የባዶ እጇን ወረቀት አየ። ከዚያ ጡጫውን ፈታና ጠጠሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት፤ መዳፉ ላይ ማዕዘኖቿ ታትመው ይታያሉ።

«ትለቀዋለች» አለ።

«ዘቡ ወደቀ» አሉ ዳኛው። «ሲወድቅ ድምፅ አላሰማም። መንገዱ ክፍት ነው፤ ቤቷ ደረሰች። ቤቷ ምን ይመስላል?»

ወንድሜ ነገረን። በሩን እርጥበት ሲነካው እንደሚጠብቅ፣ ወደ ላይ ከፍ አድርጎ መግፋት እንደሚያስፈልግ፤ አናጢ ባል እያላት አንድ ቀን ሳይስተካከልላት እንደቀረ። ከመስኮቱ ሥር ታይፑ እንዳለ፣ እንዳልተከደነ። ወንበሩ ላይ ሹራብ እንዳለ፣ ማንም እንዳላነሳው። በሩን ከፍ አድርጋ ገፋችው አለ። ጫማዋን አወለቀች። እጆቿ ዝለው ስለነበር ተቀምጣ እርስ በርስ አሻሸቻቸው። እኛም እዚያ ክፍል ውስጥ ከእሷ ጋር ትንሽ ተቀመጥን።

ወረቀቷን ራሱ አጠፈው። ለእኔ ሰጠኝና «እዚሁ መጽሐፉ ውስጥ ስፊልኝ» አለኝ።

ወረቀቷን ሰፍቼ ጀርባውን እንደገና ሠራሁት። ያቺን ሽንሽን ግን ወደ ጀርባው አልመለስኳትም፤ አድርቄ፣ በስስ ወረቀት ደግፌ፣ ከገጽ አርባ አንድ ግርጌ ላይ ከቦታዋ ገጠምኳት። ገጹ አሁን ከሌሎቹ ሁሉ በአንድ መስመር ይረዝማል። መጽሐፉ ሲዘጋ ከታች በኩል ወጣ ብሎ ይታያል፣ ጣት ሲነካው ይሰማል። የሚያይ ደንበኛ ሁሉ የሥራ ጉድለት ነው ይለኛል። ማሽኑ እዚያው አጠገቤ አለ፤ አልከረከምኩትም።